ያልተጠየቀች አትቆጠርም፦ በካይሮ የቤት ሠራተኞችን የጤና ችግር ማን ይመዝግበው?

አገር ቤት እያለን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የማያውቅ ማን አለ? ደብተሯን ይዛ በር ታንኳኳለች። «ስንት ልጅ አለ? ክትባት ጨርሰዋል? ውኃ የምትቀዱት ከየት ነው? ሽንት ቤት አላችሁ?» እያለች ትጠይቅና በቤተሰብ ማህደር ላይ ትጽፋለች። ፕሮግራሙ በኢትዮጵያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች ተመድበው 16 የጤና ፓኬጆችን ለቤተሰቡ እንዲያስተምሩ ተደርጎ የተሠራ ነበር። ጥያቄዋ አንዳንዴ ያሰለቸን ይሆናል። ግን ለቀበሌው ስንት ክትባት፣ ስንት አጎበር፣ ስንት አዋላጅ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ከዚያ ደብተር ነው።

ካይሮ ላይ በር አንኳኩቶ የሚጠይቀን የለም። በሩም የእኛ አይደለም። ማዓዲ ይሁን ዛማሌክ፣ ናስር ሲቲ ይሁን ታጋሙዕ፣ የምንኖረው በሰው ቤት ነው። ስንታመም የሚያውቀው ማዳም ወይም ስልክ ላይ ያለች ጓደኛ ብቻ ነች። ስለዚህ «በካይሮ ያሉ የቤት ሠራተኞች ዋናው የጤና ችግራቸው ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ ደብተር የለም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ደብተር ነው፤ የአንድ ማኅበረሰብ የጤና ፍላጎት እንዴት እንደሚለካ፣ እኛ ለምን ከልኩ ውጭ እንደምንቀር፣ ጠያቂ ሲመጣ መብትሽ ምን እንደሆነና ጠያቂ ሳይመጣም ራሳችን ምን ማድረግ እንደምንችል እናያለን።

ፍላጎት ማለት ምን ማለት ነው?

የጤና ፍላጎት ዳሰሳ ማለት የአንድ አካባቢ ወይም የአንድ ወገን ሰዎች ምን እንደሚያማቸው፣ ምን እንደጎደላቸውና ምን ቢደረግ እንደሚሻላቸው ጠይቆ መመዝገብ ነው። እንግሊዛዊው ምሁር ጆናታን ብራድሾው እ.ኤ.አ. በ1972 «ፍላጎት» የሚለውን ቃል በአራት ከፍሎ አሳየ። ዛሬም ድረስ የጤና ባለሙያዎች የሚማሩት ነው። በእኛ ኑሮ እንየው።

የመጀመሪያው ባለሙያ የሚወስነው ነው። ሐኪም «አዋቂ ሰው በቀን ሰባት ሰዓት ያህል መተኛት አለበት» ይላል። አንቺ የምትተኚው አራት ሰዓት ከሆነ፣ ብታማርሪም ባታማርሪም ጉድለት አለብሽ።

ሁለተኛው ራስሽ የሚሰማሽ ነው። ወገብሽን ያምሻል፣ ሌሊት ልብሽ ይደነግጣል፣ ልጅሽ ይናፍቅሻል። ለማንም አልተናገርሽም፤ ግን አለ።

ሦስተኛው የተገለጸው ነው። ክሊኒክ ሄደሽ ካርድ አወጣሽ፣ ስልክ ደወልሽ፣ ተሰለፍሽ። በዚህ ጊዜ ብቻ ነው ወረቀት ላይ የምትገቢው።

አራተኛው ከሌላ ጋር ሲነጻጸር የሚታየው ነው። ለምሳሌ አንዱ ወገን በነፃ የእርግዝና ክትትል እያገኘ፣ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሌላው ወገን ካላገኘ፣ ያላገኘው ፍላጎት አለው ማለት ነው።

የእኛ ጣጣ ያለው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ነው። ይሰማናል፤ አንናገርም። ወይም ለመናገር አንችልም፣ ከቤት መውጣት ፈቃድ ይጠይቃልና። ክሊኒኩ የሚቆጥረው የመጡትን ነው። «ባለፈው ወር የቤት ሠራተኛ አልመጣም» ተብሎ ሲጻፍ፣ አንባቢው «ደህና ናቸው ማለት ነው» ብሎ ሊረዳው ይችላል።

የቆጠሩት በሽታ ይድናል፦ የግብፅ የራሷ ምሳሌ

መቆጠር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ግብፅ በዓለም ላይ ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት በሽታ በጣም ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ነበረች። መነሻው ደግሞ ሕክምና ራሱ ነበር። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ የብልሃርዝያ መድኃኒት በዘመቻ ሲወጋ፣ መርፌው በደንብ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄድ ነበር፤ ቫይረሱም አብሮ ተዛመተ። ሰዎች ሳያውቁት ለብዙ ዓመት ተሸክመውት ኖሩ።

እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ደም ሲመረመር፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 59 ከሆኑ ሰዎች ከ100 ወደ 15 የሚጠጉት ቫይረሱ እንደነካቸው ታወቀ። ቁጥሩ ከታወቀ በኋላ መንግሥት ችላ ሊለው አልቻለም። በኦክቶበር 2018 «100 ሚሊዮን ጤና» የተባለው ዘመቻ ተጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመረመረ፤ የተገኘባቸው ታከሙ። በኋላም በግብፅ የሚኖሩ የውጭ ዜጎችና ስደተኞች እንዲመረመሩ ተደረገ። በኦክቶበር 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅ በሽታውን ለማጥፋት ላደረገችው ጉዞ የወርቅ ደረጃ ዕውቅና ሰጣት።

በሽታው ቀድሞም ነበር፤ ሰው እየሞተበት ነበር። ለውጡ የመጣው ተጠይቆ፣ ተመርምሮ፣ ተቆጥሮ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው።

እኛ ለምን አንቆጠርም?

ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት (አይኦኤም) እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምት በግብፅ ከ133 አገሮች የመጡ 9 ሚሊዮን ያህል ስደተኞችና የውጭ ዜጎች ይኖራሉ፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ሱዳናውያን ናቸው። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን፣ እኛ «ዩኤን» በምንለው፣ የተመዘገቡ ኢትዮጵያውያን ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከ15 ሺህ በላይ ናቸው። ቢጫ ወይም ሰማያዊ ካርድ ያላት እህት በዚህ ውስጥ አለች። ካርድ የሌላት፣ በደላላ መጥታ ኢቃማዋ ያለቀባት፣ ፓስፖርቷ ከአሠሪዋ ቁምሳጥን ውስጥ ያለው ግን በየትኛው ዝርዝር ውስጥ ትገኛለች?

ሕጉም ከቁጥር ያወጣናል። የግብፅ የሥራ ሕግ ቁጥር 12/2003 የቤት ሠራተኞችን አያካትትም ነበር። በ2025 የወጣው አዲሱ የሥራ ሕግ ቁጥር 14ም ከሽፋኑ ውጭ ትቶናል። ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ ቢቃጠል የሥራ ላይ ጉዳት ተብሎ ይመዘገባል። አንቺ ኩሽና ውስጥ በዘይት ብትቃጠዪ «ቤት ውስጥ የደረሰ አደጋ» ሆኖ ይቀራል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 189 የቤት ሠራተኛ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታ፣ በሳምንት ቢያንስ ተከታታይ 24 ሰዓት ዕረፍትና ፓስፖርቷን በእጇ የመያዝ መብት እንዳላት ይናገራል። ግብፅ ግን አላጸደቀችውም። ስለዚህ እንደ መለኪያ እንጠቀምበት እንጂ እንደ አገሩ ሕግ ልንጠራው አንችልም።

አጥኚዎች ጨርሶ አልሞከሩም ማለት አይደለም። በካይሮ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የስደትና የስደተኞች ጥናት ማዕከል የነበሩት ሬይ ጁሬይዲኒ እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ በካይሮ መደበኛ ወረቀት ስለሌላቸው የቤት ሠራተኞች አጥንተዋል። ከዝርዝር ውጭ ያሉ ሰዎችን ለማግኘት የሚረዳ ዘዴም አለ። አሜሪካዊው ዳግላስ ሄካቶርን በ1997 ያስተዋወቀው ዘዴ እንዲህ ይሠራል፦ አንዲት ሴት ትጠየቃለች፤ ስትጨርስ ሦስት ያህል ኩፖን ይሰጣታል፤ ለምታምናቸው ጓደኞቿ ታድላለች፤ እነሱም ሲጠየቁ ለሌሎች ያድላሉ። ስም ዝርዝር አያስፈልግም፤ መተማመን ይበቃል።

ግን ይኼም ቀዳዳ አለው። ኩፖኑ የሚደርሰው ዓርብ ወይም እሑድ ወጥታ ጓደኛ ለምታገኝ ሴት ነው። ተመላላሽ ሠራተኛ ትገኛለች። አዳሪ ሆና ዕረፍት የሌላት፣ ስልኳ የሚወሰድባት ግን አሁንም አትደረስም። ከሁሉ የባሰ ችግር ያለባት እሷ ሆና ሳለ ከሁሉ የማትታየው እሷ ናት። ስለዚህ ስለ ቤት ሠራተኞች የወጣ ማንኛውንም ቁጥር ስታነቢ «ከእነዚህ ውስጥ አዳሪ ስንት ነበሩ?» ብለሽ ጠይቂ።

ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በማርች 2025 ዩኤን በገንዘብ እጥረት ምክንያት ሕይወት ከማዳን ድንገተኛ ሕክምና በቀር በግብፅ የሚሰጠውን የስደተኞች ሕክምና ማቆሙን አስታወቀ፤ የካንሰርና የልብ ሕሙማንን ጨምሮ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች እንደሚነኩ ተናገረ። እንጀራው ሲያንስ «ለማን ይሰጥ?» የሚለው ክርክር ይነሳል። በዚያ ክርክር ላይ ስማቸው የሚነሳው ችግራቸው የተመዘገበላቸው ናቸው።

ምኑ ይቆጠር? የእኛ ሥራ የሚያመጣው ሕመም

የዓለም ጤና ድርጅትና የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ በ2011 «ሄስፐር» የሚባል መጠይቅ አወጡ። 26 ነገሮችን አንድ በአንድ እያነሳ «ይህ ለአንቺ ከባድ ችግር ነው?» ይላል። ውኃ፣ ምግብ፣ ጤና ብቻ ሳይሆን ክብር፣ ከቤተሰብ መለየት፣ ደኅንነት፣ እንደልብ መንቀሳቀስ አለመቻል ሁሉ ይጠየቃል። በመጨረሻም ከባድ ካልሻቸው ውስጥ የባሱትን ሦስት ታስመርጫለሽ። የሚገርመው ከ26ቱ አንዱ «ሥራ የሌለው ትርፍ ጊዜ መብዛት» ነው። ለካምፕ ኑሮ ትክክል ነው፤ ለአዳሪ ሠራተኛ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የሌላ ሰው መጠይቅ እንዳለ ሲመጣ የእኛን ቁስል ሊያልፈው እንደሚችል ከዚህ ይታያል። እኛን የሚመለከት ዳሰሳ ቢያንስ እነዚህን መጠየቅ አለበት፦

- ወገብ፣ ትከሻ፣ ጉልበት። ምንጣፍ ማንሳት፣ አዛውንት ማገላበጥ፣ ተንበርክኮ መወልወል። አዛውንትና ሕሙማን የሚንከባከቡ እህቶች ሸክማቸው የተለየ ነው።
- ኬሚካል። በረኪና (እዚህ «ክሎር» የሚሉት) እና «ፍላሽ» የሚባለው የሽንት ቤት አሲድ ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ሳንባን ያቃጥላል። ማዳም «ደባልቂው፣ ያጸዳል» ብትልሽም አትደባልቂ። ከተደባለቀ ቶሎ ወጥተሽ ንጹሕ አየር ተንፍሺ፤ በሩን ክፍት ተዪው።
- መውደቅና ቃጠሎ። ከውጭ በኩል መስኮት መጥረግ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ ምንጣፍ ማራገፍ፣ የፈላ ዘይት።
- እንቅልፍና ምግብ። የት ትተኛለሽ? በሩ ይቆለፋል? ምን ትበያለሽ? ስንት ሰዓት ላይ?
- የሴት ጤና። ሞዴስ የምትገዢበት ገንዘብ፣ የወር አበባ ሕመም፣ እርግዝና፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ጾታዊ ጥቃት።
- አእምሮ። ናፍቆት፣ ስድብ፣ ብቸኝነት፣ የደላላ ዕዳ፣ «ለቤተሰብ ደህና ነኝ እላለሁ እንጂ ደህና አይደለሁም» የሚለው ስሜት።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ቋንቋ ራሱ ሊያስቀረን ይችላል። እኛ «ጨጓራዬን» ስንል አንዳንዴ ጨጓራ ነው፣ አንዳንዴ ግን ጭንቀት ነው። «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴን ይወጥረኛል»፣ «ልቤ ይርዳል» እንላለን። አስተርጓሚው «ሆዷን ያማታል» ብሎ ከተረጎመው የጨጓራ መድኃኒት ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ ሐዘንሽ አይመዘገብም። ስለዚህ «መቼ ነው የሚብስብሽ? ምን ስታስቢ ነው?» የሚለውን ሳትጠየቂም ተናገሪ። ፒስቲክ በሚል ስም የሚታወቀው የካይሮ የሥነ ልቦና አገልግሎትና ማሠልጠኛ ተቋም በ2009 ሲመሠረት የያዘው መንገድ ለዚህ ነው ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው፦ ከስደተኛው መካከል የወጡ ሰዎችን አሠልጥኖ፣ የራሳቸውን ወገን በራሳቸው ቋንቋ እንዲያናግሩ ማድረግ።

ጠያቂ ሲመጣ፦ መብትሽ

አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ መስጊድ፣ ክሊኒክ ወይም በስልክ «ለጥናት ነው» የሚልሽ ሰው ይመጣል። እንዳለ አትሽሺ፤ እንዳለም አትመኚ። እነዚህን ጠይቂ፦

1. ማን ነህ/ነሽ? ከየትኛው ድርጅት? ማረጋገጫ አለ?
2. መልሴ ምን ላይ ይውላል? ማን ያየዋል?
3. ስሜ ይጻፋል? (ጥሩ ዳሰሳ ስምሽንና የአሠሪሽን ስም አይፈልግም።)
4. የማልፈልገውን ጥያቄ ማለፍ፣ መሃል ላይ ማቆም እችላለሁ? (መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» መሆን አለበት። እምቢ በማለትሽ ሕክምና ወይም ዕርዳታ ሊቀርብሽ አይገባም።)
5. ውጤቱን መቼ ትነግሩናላችሁ?

ማዳም ወይም ልጆቿ ባሉበት አትመልሺ። አጠገብሽ ሰው ከመጣ ወሬ ቀይሪ፤ የሠለጠነ ጠያቂ ይገባዋል። የፓስፖርት ፎቶ፣ የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ ምስጢር ቁጥር፣ የቤት አድራሻና የበር ቁልፍ ሁኔታ የሚጠይቅ፣ ገንዘብ ክፈዪ የሚል፣ «ወደ ውጭ እናሻግርሻለን» የሚል ሰው ዳሰሳ እያደረገ አይደለም። ዳሰሳ ቪዛ አይሰጥም። ሪሴትልመንትም አያመጣም። ይህን ማወቅ ከሐሰት ተስፋም ከሌባም ያድናል።

ደግሞ ዕርዳታ ይጨምሩልኛል ብለሽ ያልሆነውን አትናገሪ፤ አፍረሽም የሆነውን አትደብቂ። ሁለቱም ቁጥሩን ያበላሹታል፤ ጉዳቱ የሚመለሰው ለእኛው ነው።

ራሳችን ብንቆጥርስ?

ዕቁብ የምንጥል፣ እድር ያለን፣ ጽዋ የምንጠጣ፣ ሲታመሙ የምናዋጣ ሰዎች ነን። ሃያ ሴት የሚገናኝበት ዕቁብ ካለ፣ ትንሽ ዳሰሳ ማድረግ አያቅትም። አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪቢቶ ይበቃል። ስም አይጻፍ፤ የአሠሪ ስምና ሰፈርም አይጻፍ። እነዚህን ስምንት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. አዳሪ ነሽ ተመላላሽ?
2. ሌሊት ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?
3. በሳምንት የዕረፍት ቀን አለሽ?
4. ባለፈው አንድ ወር ምን አሞሽ ነበር?
5. ሐኪም አየሽ? ካላየሽ ለምን፦ ገንዘብ፣ ፈቃድ፣ ቋንቋ፣ ወረቀት ወይስ ፍርሃት?
6. በሥራ ላይ ተቃጥለሽ፣ ወድቀሽ፣ በኬሚካል ታፍነሽ ታውቂያለሽ?
7. ፓስፖርትሽ በእጅሽ ነው?
8. ከሁሉ የሚከብድሽ ሦስት ነገር ምንድን ነው?

ለመልሱ ጭረት እየጫራችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ዕረፍት ስለሌላትና መምጣት ስላልቻለች ጓደኛችሁ አስቡ፦ «ከእኛ እያንዳንዳችን ወጥታ የማታውቅ ስንት ሴት እናውቃለን?» ይህንም ለብቻው ጻፉት። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ይናገራል።

ሁለት ጥንቃቄ። መደፈርን ወይም «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ስሜትን በቡድን መሃል አትጠይቁ። አንዷ ራሷ ካነሳችው ለብቻ ወስዳችሁ ስሟት፤ ብቻዋን አትተዋት፤ ባለሙያ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ።

ውጤቱን ምን እናድርገው? «ብዙ ችግር አለብን» ስንል ሰሚው ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። እንበል «ከ20 ሴት 13ታችን ታመን ሐኪም አላየንም፤ ከ13ቱ ዘጠኙ ምክንያታችን ከቤት የመውጣት ፈቃድ ማጣት ነው» ስንል ግን ነገሩ ይለወጣል። ሰሚው መፍትሔው ርካሽ መድኃኒት ብቻ እንዳልሆነ ያያል፤ በስልክ የሚያናግር አማርኛ ተናጋሪ ነርስ ወይም ዓርብና እሑድ የሚከፈት ክሊኒክ እንደሚያስፈልግ ይገባዋል። ይህን ለማኅበረሰብ ተወካዮች፣ ለምትታከሙበት ክሊኒክ፣ ስደተኞችን ለሚረዱ ድርጅቶች ስጡ። ቅጂውን እናንተ ጋ አስቀሩ። ከስድስት ወር በኋላ እነዚያኑ ጥያቄዎች ደግማችሁ ጠይቁ፤ የተለወጠውንና ያልተለወጠውን የምታውቁት ያኔ ነው።

ዳሰሳ የማይጠብቅ ሕመም

የደረት ሕመም ከትንፋሽ እጥረት ጋር፣ ብዙ ደም መፍሰስ፣ እርጉዝ ሆነሽ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ፣ ከፍታ ላይ መውደቅ፣ ኬሚካል መተንፈስ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ወረቀት የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። በግብፅ አምቡላንስ 123 ነው። አረብኛ ባትችዪ «ኢስዓፍ» በይና ያለሽበትን ሰፈርና ጎዳና ንገሪ። ጥቃት ደርሶብሽ ከሆነ ከታከምሽ በኋላ የሕክምና ወረቀቱን ጠይቀሽ ያዢ፤ ልብስሽን ሳታጥቢ አስቀምጪ፤ ኋላ መክሰስ ብትፈልጊ ያስፈልግሻል።

እናንተ ጥናት የምታደርጉና ይህን የምታነቡም አንድ ቃል፦ ጠይቃችሁን አትጥፉ። ሴቲቱ ከአሠሪዋ ተደብቃ አንድ ሰዓት ሰጥታችኋለች። ያገኛችሁትን በአማርኛ መልሳችሁ ንገሯት፤ ምን እንደሚደረግ፣ ምን እንደማይደረግም ንገሯት። ሁለተኛ ስትመጡ በሩ የሚከፈትላችሁ እንደዚያ ሲሆን ነው።

አንቺም እህቴ፣ በዚህ ሳምንት የዕረፍት ቀንሽ ከጓደኞችሽ ጋር ስትገናኚ «ደህና ነሽ?» ብለሽ አትለፊ። «ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። ደብተሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው።